ሳያውቁ መስጠት

በ1977 ዓ.ም. አገራችንን ጽኑ ረኃብ በመታት ጊዜ፣ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አየርላንዳዊ ዘፋኝ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ዘፈን አወጣ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለተራቡት መርጃ ሆነ፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው።

ዘፈኑን ግን እነቅፋለሁ። ምድራችንን ዝናብና ወንዝ የሌላት አድርጎ ይስላታል፤ የተራበውንም በዓሉን የማያውቅ ያስመስለዋል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ግን የነቢያትን ጾም ጾሞ በታኅሣሥ 29 ቀን ልደትን ሲያከብር የኖረ ነው። ዓባይም በስማዳ ግርጌ ይፈሳል፤ ችግሩ ወንዙ በጥልቅ ቆላ ሲያልፍ፣ በደጋው ያለው ማሳ የሰማይን ዝናብ መጠበቁ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! በባዕድ ከመፍረድህ በፊት ራስህን መርምር። የስማዳ ሰው እርሻው ከድቶት ወደ ከተማ ወጥቶ ከደጅህ ቢቆም፣ ሳንቲም ወርውረህ ታልፋለህን? ወይስ «አባቴ፣ አገርዎ ወዴት ነው? ክረምቱ እንዴት ከረመ?» ብለህ ትጠይቃለህ? እኔ ብዙ ጊዜ ወርውሬ አልፌአለሁ። ስለዚህ ነቀፌታዬ ከባሕር ማዶ ላሉት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ለራሴ ነው። ሳንቲሙ ለአንድ ቀን እንጀራ ይበቃ ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ።