ሁለት ወንበር ሁለት ሰው ማለት ነውን?

በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ካረፉት የንጉሣውያን ቤተ ሰብ አንዷ በ1934 ዓ.ም. የሞቱት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስማቸው የተጠራችው ትንሽ አይሮፕላን ግን እስከ ዛሬ አለች። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠርቷት በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆየች፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች።

በተመለሰች ጊዜ ስለ እርስዋ ብዙ ተጽፏል። እኔ ካነበብኋቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ሁለት ነገር አጥብቀው ይነግሩናል። አንደኛው ቫልተር ቬኑስ የተባለው ሞቶሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው መሆኑን ነው፤ ሁለተኛው ወንበሯ ሁለት መሆኑን ነው። ምን ያህል ኪሎ ተሸክማ እንደ ተነሣች ግን የሚጠይቅ አላገኘሁም። ከሥላሴ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሄደ ሰው ወርቅ ሠሪዎቹ አንዲት ቀለበት እንኳ ሳይመዝኑ እንደማይሸጡ ያያል። ለቀለበት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ሰው በአየር ላይ ለምትሸከም ዕቃ ሚዛኑን መርሳታችን የሚያስነቅፍ ይመስለኛል።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. አንድ ወጣት በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቮልስዋገን መኪና ሞቶር የምትሠራ አይሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ ለማስነሣት መሞከሩ በውጭ አገር ጋዜጦች ሳይቀር ተነግሯል። ከክፍል ጓደኞቼም አንዱ በቅርቡ የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ንድፍ ሥሎ ከሥሩ «ሁለት ሰው ትጭናለች» ብሎ ጻፈ። በምን ዐወቅህ ብለው፣ «ወንበሯ ሁለት አይደለምን?» አለኝ። ይህ መልስ ከላይ የነቀፍኋቸው ጽሑፎች ልጅ ነው።

የአይሮፕላን የክብደት ወሰን ሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል። አንደኛው የክንፉ ጥንካሬ ነው። አይሮፕላን 60 ዲግሪ ተጋድሞ ከፍታውን ሳይለቅ በዞረ ጊዜ ክንፉ የሚሸከመው እጥፍ ይሆናል፤ 70 ኪሎ የነበረው መንገደኛ እንደ 140 ኪሎ ሆኖ ይጫነዋል። ሁለተኛው ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አጋሰስ የጫነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጭነቱ ልክ ሆኖ ሳለ አቀማመጡ ከተበላሸ መንገዱ አይገፋም። ጅራቱ የከበደ አይሮፕላንም አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣና ፍጥነቱን አጥቶ ከአብራሪው እጅ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ በምጽዋ ጠረፍም ሆነ በእንጦጦ ያው ናቸው፤ ይህ ግን እንደ አገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነ ጊዜ አየሩ ለባሕር ጠረፍ ከተወሰነው መደበኛ ልክ 28 በመቶ ያህል ይሳሳል። አየር መጭመቂያ የሌለው ሞቶር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም 18 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል፤ ስለዚህ የመንደርደሪያው ሜዳ ይረዝማል።

ሒሳቡን ለማስረዳት ያህል፣ ሙሉ ጭነቷ 600 ኪሎ፣ ሞቶሯ 80 የፈረስ ጉልበት የሆነች አይሮፕላን እናስብ። ፕሮፔለሯ ከዚህ 70 በመቶውን ቢያደርስ በባሕር ጠረፍ 56 ይደርሳታል። ከፍታዋን ጠብቃ ለመብረር 30 ቢበቃት 26 ይተርፋታል፤ በዚህም ትርፍ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ትወጣለች። ያችኑ አይሮፕላን በሞቃቱ ቀን አዲስ አበባ ላይ እናስነሣት። የሚደርሳት ጉልበት ወደ 38 ይወርዳል፤ የሚያስፈልጋት ግን ወደ 35 ይወጣል። የሚተርፋት 3 ብቻ ነውና በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ አትወጣም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተጕዛ የምታገኘው ከፍታ 13 ሜትር ያህል ነው፤ ያደገ ባሕር ዛፍ ከዚህ ይረዝማል። መንገደኛውንና ጓዙን፣ በድምሩ 80 ኪሎ፣ ብናወርድ ግን በዚያው አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 50 ሜትር ያህል ትወጣለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚህ ምሳሌ የ600 ኪሎው ወሰን በአንድ ግራም እንኳ አልተጣሰም። ወሰኑን ያከበረ ሰው ከዛፍ ጋር ሊጋጭ ይችላል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ቍጥሩ የተጻፈው በሌላ አገር አየር ነው።

እንግዲህ ወደ ፀሐይ እንመለስ። ያ 115 የፈረስ ጉልበት በእንዲህ ያለ ቀን በእኛ አየር ሲመዘን፣ ሞቶሩን መጭመቂያ እንደሌለው ከቈጠርነው፣ ወደ 80 ይጠጋል። ይህን ማለቴ ክብሯን ለመቀነስ አይደለም፤ እንዲያውም የሚጨምርላት ይመስለኛል። ፀሐይ በቆላ ተፈትና ወደ ደጋ የመጣች አይደለችም፤ በዚሁ አየር ተሠርታ በዚሁ አየር በረረች። የሚያስመሰግናት ይህ ሆኖ ሳለ አወዳሾቿ በሞቶሯ ቍጥር ላይ መቆማቸው ዋናውን ነገር አስቷቸዋል።

በዚያው ዘመን አንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ ማንም በቤቱ ሊሠራት የሚችላትን የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን አሠራር በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። በአውሮፓ ብዙዎች ሠሩዋት፤ ሰዎችም ሞቱባት። ከዚያ በኋላ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሲመረምሩዋት፣ አፍንጫዋ ከልክ አልፎ ወደ ታች ካዘነበለ መልሶ ማቅናት የማይቻል ሆኖ ተገኘ። ምርመራው ከቀብሩ በኋላ መጣ። ዛሬ በአሜሪካ በቤት የተሠራ አይሮፕላን የመጀመሪያ የሙከራ ሰዓቱን፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት፣ ሳይፈጽም መንገደኛ አይጫንበትም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በአማተር እጅ እንደ ተሠራና ለመደበኛ አይሮፕላን የወጣውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መንገደኛው በሚያየው ስፍራ ይለጠፋል።

ይህን ሁሉ ካሰብን ማን ደፍሮ ይሠራል? የሚለኝ ይኖራል። ሠሪው ስለ ገዛ ሕይወቱ ቢደፍር ሒሳቡን ያውቀዋልና ድርሻው ነው። መንገደኛው ግን ሒሳቡን አላየም፤ የሚያየው ወንበሩንና የጓደኛውን ፊት ብቻ ነው። እርሱን የሚጠብቀው በትክክል የተመዘነ ቍጥር እንጂ የሠሪው ድፍረት አይደለም።

ጓደኛዬ ሁለተኛውን ወንበር ለእኔ እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። ስለ ደግነቱ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን አስቀድሞ በእኔ ክብደት ልክ አሸዋ የሞላ ጆንያ በዚያ ወንበር ላይ አጥብቆ ይሰር፤ ጭነቱንም ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ በአዲስ አበባ የቀትር ሙቀት ተነሥቶ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደ ወጣ በሰዓትና በከፍታ መለኪያ ይመዝግብ። ከንድፉ ሥር «ሁለት ሰው» ብሎ በጻፈበት ቦታ ያንን ቍጥር ቢጽፍልኝ እሳፈራለሁ። በሒሳቤ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።