የእሸት ቡና ሌሊትና የትራክተር መብራት

ሊሙ ገነት ላይ ትራክተር መብራት የሚገጠምለት ወቅት አለው። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ «ቆይ፣ አስገጥመዋለሁ» ሲል የከረመው ባለ ትራክተር ሁሉ በአንድ ሰሞን ወደ እኛ ወደ ኤሌክትሪሺያኖቹ ይመጣል። የሚያጣድፈው ቡናው ነው። ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ በጆንያ ካደረ ይሞቃል፣ ያለ ጊዜው ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ ስለዚህ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ መድረስ አለበት። ለቃሚው ሲለቅም ውሎ፣ አረንጓዴው ከቀዩ ተለይቶ፣ ተመዝኖና ተጭኖ ትራክተሩ ከእርሻው ሲነሣ ፀሐይ ቆልቁላለች። አመሻሻችን ደግሞ አጭር ነው፤ 12 ሰዓት ላይ የነበረው ብርሃን 12 ሰዓት ተኩል ላይ የለም። የሊሙ የታጠበ ቡና በውጭ ገበያ ስም ያለው ቡና ነው። ያን ስም ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ ይህ የምሽት ጉዞ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም የመብራት ገጠማን እንደ ጌጥ ሥራ አላየውም።

ቀድሞ በመንግሥት እርሻዎች ዘመን በአገራችን ስሙ የገነነው ትራክተር ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ነው። ትልቅ ነው፣ ቁመታም ነው፣ ሜዳ ይወዳል። አሁን ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ በቡናው መስመር መካከል የሚያልፉ ትንንሽ ትራክተሮች ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ ኮፈናቸው ላይ ሁለት ደካማ የፊት መብራት፣ ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ፍሬቻና የኋላ መብራት አላቸው። ቡና የጫነ ተሳቢ ከኋላ ሲቀጠልባቸው የኋላ መብራቱ ጨርሶ አይታይም። ሌሊት በአስፋልት ላይ ሲሄዱ ጥቁር ግድግዳ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት።

ሾፌሮቹ ግን የሚያሳስባቸው የፊቱ ነው። «ጋሼ፣ ስድስት ፓውዛ ይሁንልኝና ሌሊቱ ቀን ይምሰል» ይለኛል አንዱ፣ ገና ከወንበሩ ሳይወርድ። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው። በስንት ሰዓት ነው የምትሠራው? ከጥላ ዛፍ ሥር ነው ወይስ ገላጣ ላይ? ወደ መፈልፈያው የሚወስደው መንገድ ጥርጊያ ነው አስፋልት? ከኋላህ ምን ትጎትታለህ? እነዚህን ሳልሰማ ሣጥን አልከፍትም። ለአነስተኛ ትራክተር ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ተጨማሪ መብራት አልገጥምም፤ ደንበኛ ቅር ብሎ ሌላ ቤት የሄደበት ጊዜም አለ። ጥቂት መብራት በቦታው ከተቀመጠና በደንብ ከተመገበ በቂ ነው። በየቦታው የተለጠፈ ብዙ መብራት ግን ባትሪውንም ሾፌሩንም ይጎዳል።

ቦታው የሚወሰነው በቡናው ነው። የእኛ ቡና ከጥላ በታች ያለ ቡና ነው፤ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ግራቪሊያ አለ። ሜዳማ አገር ላይ ፓውዛ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ሩቅ ያሳያል፤ እዚህ ግን ጣሪያ ላይ የወጣ መብራት የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲያገኝ ይጠማዘዛል፣ ሁለተኛው ላይ ይወልቃል። ቅርንጫፉ ባያገኘው እንኳ ጉሙ አለ። ሊሙ ላይ ሌሊቱ ሲገፋና ማለዳ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከዓይን መስመር በላይ የተሰቀለ መብራት ሾፌሩ ፊት ያለውን ጉም ያበራና ነጭ መጋረጃ ያደርገዋል። መንገዱ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል። ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚዘረጋ መብራት ግን ከጉሙ ሥር ገብቶ የመንገዱን ጠርዝና ቦዩን ያሳያል። ስለዚህ ሁለቱን የፊት ፓውዛዎች ከኮፈኑ ግራና ቀኝ፣ ከሾፌሩ ዓይን በጣም ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚሉ ቅርንጫፍም አይነካቸውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ አልደራደርም። ከሾፌሩ ጀርባ የቆመው ቅስት ብረት፣ ትራክተሩ ቢገለበጥ ሰውዬው እንዳይጨፈለቅ የተሠራ ነው። ስዊድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖረው አስገደደች፤ ከዚያ በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር እዚያ አገር እጅግ ቀነሰ። የእኛ መሬት ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ይህን ብረት በድሪል መብሳት ወይም መበየድ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። አንዲት ቀዳዳ ምን ታመጣለች የሚል ሰው ብረቱ ሲገለበጥ የሚሸከመውን ክብደት አላሰበም። መብራት እዚያ ላይ መሰቀል ካለበት ሳይበሳ ዙሪያውን በሚያቅፍ ማሰሪያ፣ ከሥሩ ጎማ ተደርጎበት፣ በብሎንና በማይላላ ዳዶ ይታሰራል። ጎማው ቀለሙን ከመላጥ ያድናል፣ የናፍጣውን ሞተር ንዝረትም ያበርዳል።

ቀጥሎ ዲናሞው ነው። በአነስተኛ ትራክተር ላይ ያለው ዲናሞ አንዳንዱ 40 አምፔር ይሰጣል፣ አንዳንዱ 20 እንኳ አይሞላም፤ ይህም ሞተሩ ዙሩን ይዞ ሲሠራ ነው። የ55 ዋት ሃሎጂን አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ያህል ይወስዳል። ያ ልጅ የጠየቀኝ ስድስት ፓውዛ 27 አምፔር ተኩል ሊጠይቅ ነው፤ የፊት መብራቱ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ገና አልተቆጠሩም። የቡና ሰሞን ደግሞ ትራክተሩ መፈልፈያው በር ላይ ወረፋ ይዞ ይቆማል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ያጉረመርማል፣ ወይም ናፍጣ ለመቆጠብ ይጠፋል፤ መብራቱ ግን ለአራጋፊዎቹ እንደበራ ነው። ባትሪው ከሚያገኘው በላይ ይሰጣል፤ ጠዋት ላይ መንደርተኛው ተሰብስቦ ትራክተር ይገፋል።

ስለዚህ አሁን የምመክረው ኤልኢዲ ነው። 27 ዋት የሆነ ኤልኢዲ 2 አምፔር ከሩብ ያህል ወስዶ ከአሮጌው 55 ዋት ያላነሰ ብርሃን ይሰጣል፤ ክር ስለሌለውም ንዝረት አይበጥሰውም። ሆኖም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አልቀበልም። አምፔሩን እለካለሁ፤ በ12 ቮልት 2 አምፔር የሚወስድ መብራት፣ ካርቶኑ ምንም ይበል ምን፣ 24 ዋት ነው። ከኋላው ያሉት የአሉሚኒየም ክንፎች ሙቀት ማስወጫ በመሆናቸው ጭቃ ሲደፍናቸው መብራቱ ዕድሜው ያጥራል። ሾፌሩ ጎማውን ሲያጥብ ያንንም ጠረግ ቢያደርገው ጥሩ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ገመዱ። አንድ ትራክተር መጣልኝ፤ ሁለት ባለ 55 ዋት ፓውዛ ሌላ ቦታ ተገጥሞለታል፣ ብርሃኑ ግን የሻማ ያህል ቢጫ ሆኗል። ባለቤቱ አምፖሉ አይረባም ብሎ አዲስ ገዝቶ ይዟል። አምፖሉን ወደ ጎን አድርጌ ቴስተሬን አነሣሁ። መብራቱ እንደበራ ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት አለ፤ መብራቱ ላይ 10.7። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የሃሎጂን ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ወደ 40 በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው።

የት እንደጠፋ ለማወቅ ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ፤ 0.5 ቮልት። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ መብራቱ ኔጋቲቭ ለካሁ፤ 1.2 ቮልት። ችግሩ በአብዛኛው ብዙ ሰው የማያየው መንገድ ላይ ነበር። የገጠመው ሰው ፖዘቲቩን በደንብ ስቦ፣ ኔጋቲቩን ግን መብራቱ በተቀመጠበት ብረት ላይ በብሎን አስሮ ትቶታል። ብረቱ ቀለም የተቀባ ነው፤ ብረቱ የታሰረበት ኮፈንም በማጠፊያ የሚከፈት፣ ማጠፊያው የዛገ ነው። ኤሌክትሪኩ በቀለምና በዝገት መካከል እየተሹለከለከ ነው ወደ ባትሪ የሚመለሰው። ለኔጋቲቩ የራሱን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሰጠሁት፣ ሻሲው ላይ ብረቱ ብልጭ እስኪል ፍቄ በቀለበት ተርሚናልና በሮንዴላ አሰርሁት፣ በላዩ ግራሶ ቀባሁ። እንደገና ሲለካ 0.2 ቮልት ሆነ። ባለቤቱ አዲሱን አምፖል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አሮጌው ደኅና ነበር።

የገመድ ውፍረት በዓይን ግምት አይወሰንም። ከባትሪ እስከ መብራት ሄዶ ለመመለስ 8 ሜትር የሚፈጅ መንገድ ቢሆንና ሁለቱ ሃሎጂኖች 9 አምፔር ቢወስዱ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 1.7 ቮልት ገደማ ይበላል፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ግማሽ ቮልት ብቻ። የዋጋው ልዩነት በዚህ ርዝመት ላይ ለባለ ትራክተር የሚሰማ አይደለም።

ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ አደርጋለሁ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ መብራቱ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ፣ ገመዱ መሃል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ እሳት ሲነሣ ቆሞ ያያል። ሪሌም የግድ ነው። ከፊውዙ የመጣው ወፍራም ገመድ ሪሌው ላይ 30 በሚለው ይገባል፣ በ87 ወጥቶ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ 86ን ብቻ ያዝዛል፣ 85 ኔጋቲቭ ነው። በማብሪያው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከሩብ አምፔር በታች ስለሚሆን ሾፌሩ እጅ ሥር ያለው ፕላስቲክ አይግልም፣ አይቀልጥም።

ገመዱ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሄዳል። ከማርሚታው ይርቃል፣ ከኋላ ከሚሽከረከረው ዘንግ ይርቃል፣ መሪው ሲዞር የማይወጠርበት ልቅ ቦታ ይተውለታል። መብራቱ ጋ ሲደርስ ገመዱን ወደ ታች ዞር አድርጌ ነው ወደ ላይ የማስገባው፤ ውኃው በመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ቡና ያደረበት ግቢ አይጥ አያጣም፣ አይጥም ገመድ ይወዳል፤ ለዚህም ቱቦው ጫፉ ድረስ በናስትሮ ይዘጋል። ስልክ መሙያና ቴፕ የሚፈልግ ሾፌር ብዙ ነው። እገጥማለሁ፤ ለብቻው በ5 አምፔር ፊውዝ፣ ከመብራቱ መስመር ሳይቀላቀል።

የኋላው ግን የሌላ ሰው ሕይወት ነው። ለአራጋፊዎች ተብሎ ወደ ኋላ የሚገጠም ነጭ ፓውዛ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከፊቶቹ ጋር በአንድ ማብሪያ ከታሰረ ሾፌሩ አስፋልት ላይም ያበራዋል፤ ከኋላ የሚመጣው የአይሱዙ ሾፌር ነጭ ብርሃን ሲያይ መኪና ወደ እሱ እየመጣ ይመስለዋል፣ ወይም ዓይኑ ይፈዛል። ስለዚህ ለኋላው የራሱ ማብሪያ፣ ማብሪያው ላይም ሾፌሩ ፊት የምትበራ ትንሽ ቀይ ምልክት አደርግለታለሁ፣ እንደበራ ረስቶ እንዳይሄድ።

ከነጩ ፓውዛ በፊት ግን ተሳቢው ጀርባ ላይ ሁለት ቀይ መብራትና አንጸባራቂ መኖር አለበት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሰዓት 20 የሚሄድ ትራክተር ላይ የሚደርሰው በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር እየቀረበ ነው፤ 100 ሜትር ላይ ያየው ሰው ያለው ስድስት ሰከንድ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ብለው መሃሉ ብርቱካናማ፣ ዳሩ ቀይ አንጸባራቂ የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠሩ፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ ምልክት ሆኖ በብዙ አገር ተለመደ። ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም። የቡና ለቃሚዎች ማታ በተሳቢው ላይ ተሳፍረው ሲመለሱ ሳይ፣ ባለቤቱ የኋላውን ሳያስደርግ የፊት ፓውዛ ሲያስገጥም አዝናለሁ፤ እነግረዋለሁም።

ተሳቢው ላይ አንድ ያልፈታነው ነገር አለ። በለቀማ ወቅት ተሳቢ ይዋሳል፣ ይከራያል፤ ዛሬ በአንዱ ትራክተር የተጎተተው ነገ በሌላው ይጎተታል። ሶኬቱ ሰባት እግር ያለው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን እንደመሰለው ስለሚያስረው፣ ግራ ፍሬቻ ሲያበሩ ስቶፕ የሚበራበት፣ ፍሬን ሲይዙ ሁሉም የሚጠፋበት ተሳቢ ብዙ ነው። ስምምነቱ ግን በዓለም ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፦ 1 ግራ ፍሬቻ፣ 2 የኋላ ጉም መብራት፣ 3 ኔጋቲቭ፣ 4 ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቀኝ የኋላ ቀይ፣ 6 ስቶፕ፣ 7 ግራ የኋላ ቀይ። እኛ ጋ ሁለተኛው ባዶ ቢቀር ምንም አይደለም፤ ሦስተኛው ግን ወፍራም ገመድ ይሁን፣ የሁሉም መመለሻ እሱ ነውና። ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት ያለን ባለሙያዎች በዚህ ቅደም ተከተል ብናስር የትኛውም ተሳቢ ለየትኛውም ትራክተር ይሆናል። እኔ በሠራሁት ሁሉ ላይ ዝርዝሩን ጽፌ በፕላስቲክ ሸፍኜ የባትሪው ሣጥን ክዳን ውስጥ እለጥፋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ ከዚያ ላይ አንብቦ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ፤ የተሻለ አሠራር ያለው ካለም ለመስማት ዝግጁ ነኝ፣ ቡናው ሳይቀላ።