ዕብራይስጥ የሚማር ተማሪ ምን ፈልጎ ነው?

ዘመናዊ ዕብራይስጥ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ለምን?» ሲባል የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የተለመደ ነው። አሜሪካ ያለው «የአያቶቼ ቋንቋ ስለሆነ» ወይም «መጽሐፍ ቅዱስን በራሱ ቃል ላንብብ ብዬ» ይላል። በካይሮ ወይም በዓይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ደግሞ የሕዝብን ቋንቋ ያወቀ ከተንኮሉ ይድናል የሚለውን የዐረቦች አባባል ይጠቅሳል። እኛ እነዚህን ምክንያቶች አንንቅም። ግን ቋንቋው ራሱስ? በእሱ የተጻፈውስ?

የአያቱ ነገር ትንሽ ሲነኩት ይናጋል። የብዙው አሜሪካዊ አይሁድ አያት ቤት ውስጥ ያወራ የነበረው ይዲሽ ነው፤ ዕብራይስጡ የጸሎትና የመጽሐፍ ነበር፣ እንደኛው ግዕዝ በሉት። መጽሐፍ ቅዱስ ፈልጎ የመጣውም ግር ይለዋል። ሕዝቅኤል በራእዩ ለሚያብረቀርቀው ነገር የተጠቀመበት «ሐሽማል» ዛሬ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ነቢዩ ላየው ብርሃን በየጊዜው ሂሳብ ይከፈልበታል! (እኛ መቼም «መብራት» ብለን ተገላግለናል።)

ከሁሉ የምንቃወመው ግን ኤሊዔዘር ቤን-ይሁዳ ብቻውን አንድ የሞተ ቋንቋ ከመቃብር አስነሣ የሚለውን ተረት ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1881 ፍልስጥኤም ገብቶ፣ በ1882 የተወለደ ልጁን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ እንዳይሰማ አድርጎ ማሳደጉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አብርሃም ማፑ በዕብራይስጥ ልብ ወለድ ያሳተመው በ1853 ነው፤ ቤን-ይሁዳ ገና አልተወለደም። መንገድ ላይ የሚያወራው ሰው ሳይኖር ደራሲው ነበር ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን ለምንል ሰዎች ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ የተማሪዎቹ ድርሻ አለ። በ1913 ሃይፋ ላይ ይከፈት ለነበረው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ለቴክኒዮን፣ ገንዘብ ያወጣው የጀርመን አይሁዶች ማኅበር ሳይንሱ በጀርመንኛ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ዕብራይስጥ የሳይንስ ቃላት የሉትም ነው። መምህራንና ተማሪዎች አድመው ክፍል ለቀው ወጡ፤ በ1914 ውሳኔው ተሻረ፤ ትምህርቱ በ1924 ሲጀመር በዕብራይስጥ ሆነ። ቃላቱ ያኔም አልተሟሉም ነበር፤ እያስተማሩ ሠሯቸው። እኛ በእንግሊዝኛ ሰምተን በእንግሊዝኛ እየተፈተንን «አማርኛ ለፊዚክስ አይበቃም» የምንል፣ ከሰዎቹ ፖለቲካ ጋር ባንስማማ እንኳ ይህን ታሪክ ጥያቄ ሳንጠይቅ ማለፍ ያስቸግረናል።

ከገጣሚዎቹ ይሁዳ አሚኻይን እንውሰድ። በ1924 ጀርመን አገር፣ ቩርዝቡርግ ተወለደ፤ አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። የታወቀ አንድ ግጥሙን የሚከፍተው ለሙታን በሚደገም ጸሎት መነሻ ቃል ሆኖ፣ ሬሳ ተሸክሞ ያየ ሰው ያንኑ ቃል ገልብጦ እግዚአብሔርን ይሞግትበታል። በትርጉም ያነበበ ሙግቱን ያገኛል፣ ጸሎቱን ግን አይሰማም። ቅኔ ሲነገር አድምጦ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ሰምና ወርቅ ነው። ጸሎቱ ውስጥ ያለው «ረሐሚም» የእኛው «ምሕረት» ዘመድ ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት፤ ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠው። ቤት «ባይት»፣ ስም «ሼም»፣ ሰማይ «ሻማይም»። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደጁን ሲያንኳኳ ግማሹ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ኧረ እዚያ ቤት ውስጥ የሆነውንም አንደብቅ። ይዲሹም፣ ከባግዳድና ከሞሮኮ የመጣው ዐረብኛም በዚህ ቋንቋ ሥር ተረግጠዋል። በ1980ዎቹ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የደረሱ ብዙ ልጆች አዲስ ዕብራይስጣዊ ስም ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል።

ፍልስጥኤማውያኑም አሉ። አንቶን ሻማስ በ1986 «አራቤስክ» የተባለውን ልብ ወለድ ያወጣው በዕብራይስጥ ነው። ከጢራ የተነሣው ሰይድ ካሹዋም ልብ ወለዶቹንና የጋዜጣ ዓምዱን የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አንባቢዎቹ በብዛት አይሁዶች ነበሩ፣ አሥቋቸዋልም። በ1914 የተማሪዎቹ አድማ ድል ካደረገ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ሄደ።