እያዘኑ መፍረድ፦ የኢሺጉሮው ስቲቨንስ

የካዙኦ ኢሺጉሮን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» (1989 እ.ኤ.አ.) አንብቦ ለስቲቨንስ የማያዝን ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሎርድ ዳርሊንግተን የአሳላፊዎች አለቃ ሆኖ ዕድሜውን የፈጀው ይህ ሰው ጌታው የናዚዎች መጠቀሚያ ሲሆን አይቶ እንዳላየ አልፏል፤ የቤቱ ሴት ሠራተኞች ኃላፊ ሚስ ኬንተንም ፍቅሩን ሳይተነፍስላት ሌላ አግብታ ሄዳለች። ብዙ አንባቢ ልቡ የሚቀረው ሁለተኛው ጋ ነው። መጽሐፉ የመከነ ፍቅር ታሪክ ተደርጎ ሲነበብ ስቲቨንስ ከራሱ በቀር ማንንም ያልጎዳ ሰው ይመስላል።

ኀዘኔታው እንዴት እንደሚሠራ በጌታው ቤት በ1923 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጉባኤ ትዕይንት ላይ ይታያል። አባቱ ፎቅ ላይ ሲሞቱ ስቲቨንስ ታች ለእንግዶች ወይን ይቀዳል። ተራኪው ራሱ ቢሆንም ስለ እንባው አንድ ቃል አይወጣውም። ማልቀሱን የምናውቀው ጌታው የሚያለቅስ እንደሚመስል ሲነግረው ነው፤ እሱም ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ በሥራ ድካም ያሳብባል። የተደበቀውን ፈልቅቆ ያገኘ አንባቢ የምስጢሩ ተካፋይ ይሆናል፤ የሰው ምስጢር የያዘ ደግሞ ለመፍረድ ይቸገራል። ኢሺጉሮ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሩትና ሣራ ግን አንባቢ ምስጢራቸውን የሚካፈልበት ዕድል የላቸውም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ሎርድ ዳርሊንግተን ወደ እንግሊዝ ፋሺስቶች በተጠጋበት ሰሞን፣ ሁለቱ የቤት ሠራተኞች አይሁዳውያን ስለሆኑ እንዲሰናበቱ ያዛል። ስቲቨንስ ትእዛዙን ለሴቶቹ ኃላፊ ለሚስ ኬንተን የሚነግራት ማታ ማታ ካካዋ እየጠጡ የቤቱን ጉዳይ በሚነጋገሩበት ሰዓት ነው። ኃጢአት ነው ትለዋለች። እሱ ውሳኔው የጌታችን ነው ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጌታው ከተጸጸተ በኋላ፣ እሱም ያኔ አዝኖ እንደነበር ይነግራታል።

«ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው» የሚለው መከላከያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አልገባውም እንዳንል ማዘኑን በራሱ አፍ መስክሯል። ማዘኑ ለኔ ጥፋቱን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም። በርግጥ ሚስ ኬንተንም እለቃለሁ ብላ ዝታ ቀርታለች፤ ነገር ግን መሄጃ ስለሌላት ፈርታ መቅረቷን አልሸሸገችም። ስቲቨንስ ተመሳሳዩን ፍርሃት የሙያ ክብር አድርጎ ይተርክልናል።

ከልብ ወለዱ ተሠርቶ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ልጃገረዶቹን ከጀርመን የሸሹ ስደተኞች አድርጓቸዋል፤ ተመልካች የመባረራቸውን አደጋ ወዲያው እንዲረዳ ይመስላል። እኔ ልብ ወለዱን እመርጣለሁ። በደሉ ከካካዋ ጋር የሚያልቅ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ሲሆን ከማናችንም መሥሪያ ቤት ሩቅ አይደለም።

በልብ ወለዱ መጨረሻ ላይ ስቲቨንስ ዌይማውዝ የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ለማያውቀው ሰው ይናዘዛል፦ ጌታው ቢያንስ የተሳሳተው በራሱ ምርጫ ነበር፣ እሱ ግን ይህን እንኳ ማለት አይችልም። ኑዛዜው ልብ ይነካል። ሆኖም የሚያለቅሰው ለባከነ ዕድሜው ነው፤ የሩትና የሣራ ስም አይነሳም። ጥቂት ቆይቶም ለአዲሱ አሜሪካዊ ጌታው ቀልድ ሊለማመድ ይወስናል።

ለአባቱና ለሚስ ኬንተን ሲባል አዝንለታለሁ። በሁለቱ ሴቶች ጉዳይ ግን ጥፋተኛ ነው፤ ማቅለያም አላገኘሁለትም።