«የበሽታው እንቅስቃሴ» ስለሚለው ስያሜ

የቆዳ ብግነትን በአልትራሳውንድ ስለ መመርመር የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች፣ በሽታው በምርመራው ጊዜ ያለበትን ሁኔታ «የበሽታው እንቅስቃሴ» ማለታቸውን እንታዘባለን። ሐረጉ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ ለዚህ ሙያ ግን አይስማማም እንላለን።

መሣሪያው ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳያልና። አሌክሳንደርና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1979 የቆዳን ውፍረት በዚህ ሞገድ ስለ መለካት ጽፈው ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ 15 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በሆነ ድግግሞሽ የሚሠራው ምርመራ ከውፍረቱ ሌላ፣ በዶፕለር አማካይነት፣ በደም ሥር የሚመላለሰውን ደም ይመለከታል። እንግዲህ «እንቅስቃሴው ጨምሯል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የደሙን ነው የበሽታውን? ተራው አንባቢማ ሕመሙ ከክንድ ወደ አንገት የተዛወረ ይመስለዋል።

የምድር ጥናት መጻሕፍት ኤርታሌን «ንቁ እሳተ ገሞራ» ሲሉት የተደናገረ የለም። በዚሁ ፈለግ «የበሽታው ንቁነት» ቢባል እንመርጣለን። («ንቃት» የሕሊናን መንቃት ስለሚያስታውስ ይቅር።) ንቁነት ከክብደት የተለየ መሆኑንም ልብ ይሏል። ሂድራዴኒቲስ ሰፑራቲቫ በሚባለው ሕመም በብብትና በብሽሽት ከቆዳ ሥር ቦይ ይፈጠራል፤ ጠባሳ የሆነ አሮጌ ቦይ ጉዳቱ ከባድ ሆኖ ሳለ ንቁነት ላይኖረው ይችላል። ሐኪሙ መድኃኒት ለመጨመር ወይም ቀዶ ጥገና ለማድረግ ሲወስን የሚያመዛዝነው ይህንኑ ልዩነት ነውና ትርጉሙ ሊያደበዝዘው አይገባም።

«ብግነት» ማለት ሲገባቸው «እብጠት» የሚሉም አሉ። ሮማዊው ኬልሱስ በ1ኛው መቶ ዓመት ከዘረዘራቸው መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም ከሚሉት አራት ምልክቶች እብጠት አንዱ ብቻ ነው። «በገነ» የሚለው ግሥ የውስጥን መቃጠል ስለሚያሰማ «ብግነት» ተስማሚ ነው።

«አልትራሳውንድ» እንዳለ ይቆይ፤ ሐኪሙም ታማሚውም ለምደውታል። «ልዕለ ድምፅ» ከድምፅ የሚፈጥነውን አውሮፕላንም ሊያስታውስ ስለሚችል አሻሚ ነው። ስለ ተመላሹ ሞገድ ግን «ገደል ማሚቶ» ከሚለው ገደሉን ትተን «ማሚቶ» ብንል ይበቃል። በሶሪያሲስና በችፌ ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ሥር የሚታየው፣ ሕክምናው ሲሠምር የሚሳሳው ጠቆር ያለ ክፍልም «ማሚቶው የደከመ መቀነት» ሊባል ይችላል።