የከረጢቱ ሳቅና የኢዲዶ ደስታ

ኢዲዶ ከዲላ በስተ ደቡብ፣ በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኝ የጌዴኦ ቀበሌ ናት። አዲስ አበባ ላይ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባሕር ማዶ ግን ቡና ቆልተው የሚሸጡ ቤቶች በከረጢታቸው ላይ ያትሙታል። እንዲህ ባሉ ከረጢቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ምስል ደግሞ የታወቀ ነው፤ እሸት ቡና በመዳፏ ሞልታ የምትስቅ ሴት። ሴትዮዋ ማን ናት? ምን አስቋት ይሆን? ከረጢቱ ይህን አይነግረንም። ቡናውን እንድንገዛ እንጂ እሷን እንድናውቃት አልተፈለገምና።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ሳቅ ይነሣል። የዕለት ተዕለት ኑሮን ደስታ የሚያከብርና ለሌላው የሚያካፍል ኪነ ጥበብ አለን ወይ?

«እንዴታ!» የሚል አይጠፋም። ጀበናና ረከቦት ያልተሣለበት የስጦታ ዕቃ መሸጫ የት ይገኛል? እርግጥ ነው፣ ሥዕሉ ሞልቷል። ነገር ግን ሠዓሊው የሣለው ያየውን ሳይሆን ገዢው ይወደዋል ብሎ የገመተውን ነው። ማስረጃው ቀላል ነው፤ በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ቡናው ሁልጊዜ አቦል ነው። ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ፣ ቀሚሱ እንደነጣ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ እንደወጣ ይቀራል። ቶናና በረካ የሉም። ቡና ጠጪ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን በረካ ላይ ሲደረስ ቡናው ይቀጥናል፣ ጨዋታው ይወፍራል። ነጠላው ከትከሻ ይወርዳል፣ ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይተኛል፣ ተኳርፈው የሰነበቱ ጎረቤታሞች ሳያስቡት ይነጋገራሉ። ደስታው ያለው እዚያ ነው። ሠዓሊያችን ግን ገና ከአቦል ተነሥቶ ሄዷል።

ቁም ነገረኛው ጠቢብ በበኩሉ ደስታን ይጠረጥራል። ለዚህም ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን በየአደባባዩ የተሰቀሉት ገበሬና ወዝአደር ፊታቸው እንዲበራ ታዘው ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር፣ በሰሜን ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚስቅ ገበሬ የሣለ ሰው «የማንን ውሸት ትደግማለህ?» ቢባል አይገርምም። ስለዚህ ሐዘንን መሣል የሐቀኝነት ምልክት ሆነ።

ጌዴኦም ከዚህ ድርሻውን አግኝቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ዓለም ጌዴኦን በላስቲክ መጠለያ ፎቶግራፍ አወቀው። ያ ፎቶግራፍ መነሣት ነበረበት፤ ዝም ቢባል ወንጀል ይሆን ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሌላ ምስል መጣ፤ ትልልቅ ዛፎች፣ በሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች። ያማረ ነው። ሆኖም በአብዛኛው ሰው የለበትም። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ሦስት ፊት ተሰጠው ማለት ነው፤ የሻጭ ሳቅ፣ የተፈናቃይ እንባና ባዶ መልክዓ ምድር። ሰውዬው ማታ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚጫወትበት ፊት ግን የት አለ?

መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» ባላቸው ተከታታይ ሥራዎቹ የጉሊት ሴቶችን ሥሏል። አትክልቱን በመደብ ላይ ዘርግተው የሚውሉትን፣ አላፊ አግዳሚው ዋጋ ጠይቋቸው ስማቸውን የማይጠይቃቸውን ሴቶች እንደ ንግሥት አቁሟቸዋል። እዘኑላቸው አይለንም፤ ቀና ብለን እንድናያቸው ያደርገናል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለኛል። ሴቶቹ ምሰሶ ሲሆኑ ከገበያው ግርግር ወጥተዋል። ክርክሩ፣ ምርቃቱ፣ የደንበኛ ቀልድ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነጋዴዎች ሳቅ አይሰማም። ክብር ተሰጥቷቸዋል፤ ጨዋታቸው ግን ቀርቷል።

ሆላንዳዊው ፈርሜር ከ350 ዓመታት በፊት አንዲት የቤት ሠራተኛ ወተት ስትቀዳ ሥሏል። ሌላ ምንም አይደረግም። ነገር ግን ዳቦው፣ የወተቱ ቅጥነት፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በትክክል ስለታዩ ያቺ ሴት ዛሬም አለች። ሠዓሊው ራሱ ብዙ ዕዳ ትቶ በ1675 እ.ኤ.አ. ሞቷል። የዕለት ደስታን መሣል የጠገበ ሰው ቅንጦት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ አንድን ነገር እስኪያውቁት ድረስ ማየት።

ኢዲዶ ለእንዲህ ያለ ዓይን ምን ትሰጣለች? ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ ያብባል፤ ጓሮው ሁሉ ይሸታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም አበባው ይረግፋል። በለቀማ ወራት ቅርጫቱ ሲሞላ፣ የታጠበው ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ሲለቅሙ፣ እጃቸው ከሥራ ሳይነሣ አፋቸው ሲጫወት ማየት ይቻላል። እንሰት ሲፋቅ ወሬው ከቃጫው እኩል ይረዝማል። ይህን ሁሉ በጌዴኡፋ የሚያወራ፣ የሚዘፍን፣ የሚሥል የዚያው አገር ልጅ ያስፈልጋል። እንግዳ ሰው አበባውን ያያል፤ የቀልዱን ጫፍ ግን አይዝም።

«ዋጋው ባሕር ማዶ የሚቆረጥበት ገበሬ ምን ደስታ አለው?» የሚል ተቃውሞ ይጠብቀኛል። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ከስታርባክስ ጋር የተስማማው እኮ ይርጋጨፌ የሚለው ስም ራሱ ሀብት ስለሆነ ነው። ስም ባለቤት ካለው ሳቅም ባለቤት ሊኖረው ይገባል። ገበሬው የሚስቀው ዋጋው ስለተስማማው አይደለም፤ ጎረቤቱ ስላሳቀው ነው። ያንን ሳቅ በእውነት የሣለ ሰው ድህነቱን አልደበቀም። ይልቁንም ድህነት ምን ሊነጥቅ እንደሚችል፣ የተፈናቀለውም ሰው ጥሎት የሄደው ከቤትና ከማሳ በላይ ምን እንደነበር አሳይቷል። ያልታየ ደስታ ሲጠፋ እንኳ የሚያለቅስለት የለም።

እናም የዲላና የይርጋጨፌ ወጣቶች፣ ብሩሽም ካሜራም የያዛችሁ፣ ከአቦል አትነሡ። በረካውን ጠብቁ።