የጥንት አዳኞችና የማትረጋው ምድራችን

ስለ አገራችን ጥንታዊ ሰዎች የተጻፉትን የትምህርትና የታሪክ መጻሕፍት ስንመረምር አንድ የተለመደ አካሄድ እናገኛለን። ደራሲው በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከተገኘችው፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከኖረችው ከድንቅነሽ ይነሣና በአንድ እርምጃ አክሱም ይደርሳል። በመካከል ላለው እጅግ ረጅም ዘመን ጥቂት መስመር ብቻ ይተርፈዋል፤ በዚያም መስመር ሰዎች በለመለመ ዱር ውስጥ አውሬ ሲያድኑ፣ ፍሬ ሲለቅሙ ይታያሉ። ምድሪቱ ግን ከበስተኋላቸው እንደ ሥዕል ቆማ ትቀራለች። ደራስያኑ ድንቅነሽን ከሕፃናት ጋር ስላስተዋወቁልን ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነቀፌታችን በዚህች በቆመችው ምድር ላይ ነው።

የራያን ቆላ ለምሳሌ እናንሣ። ከቆቦ ከተማ ሆኖ በምሥራቅ የዞብልን ተራሮች፣ በምዕራብ ደጋውን የሚመለከት ሰው በመካከል የተዘረጋው የማሽላ ሜዳ ከፍጥረት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሜዳው እነጎሊናና ሆርማት ከደጋው ጠርገው ያወረዱት ደለል በዘመናት ብዛት ተደራርቦ የሠራው ነው። ከዚያው በስተ ሰሜን፣ ከኮረም አጠገብ ያለው የአሸንጌ ሐይቅም ታሪክ አለው። ሊቃውንት የወለሉን ጭቃ አውጥተው ሲመረምሩ ሐይቁ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ጎድሎ እንደ ነበር፣ ኋላም ዝናም በዝቶ እንደ ሞላ፣ ከ6,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አየሩ ዳግመኛ ወደ ድርቅ እንዳዘነበለ ተረድተዋል። ጣና እንኳ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር።

እንዲህ ባለች ምድር ላይ ሰው እንዴት ኖረ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠን በመተማ አቅራቢያ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው የ74,000 ዓመት ሰፈር ነው። ጥናቱ በ2016 ዓ.ም. ታትሟል። የዓሣና የአውሬ አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የፍላጻ ጫፍ ነው የተባለ ትንንሽ ሹል ድንጋይ በዚያ ተገኝቷል። በዚያው አፈር ውስጥ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ ደቃቅ ብናኝ ይታያል። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከዚህ በኋላ ድርቁ ሲጠና ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ይቀር ነበር፤ ሰዎቹም በየኩሬው የታጐረውን ዓሣ ከቀድሞው አብልጠው ይበሉ ጀመር። እነሆ፣ መጻሕፍታችን ያለ አሳብ የሚንከራተቱ አስመስለው የሚሥሏቸው አዳኞች የወንዙን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ።

ለለመለመው ሥዕል አንድ ታላቅ ወንድም አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር የሚለው አባባል ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የአባባሉን መሠረት መርምሮ ደካማነቱን አሳይቷል። በዚሁ በወሎ፣ ከሐይቅ ወለል የወጣው የአበባ ብናኝም ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ደኑ ተመንጥሮ ቁጥቋጦ ተተካ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1400 እስከ 1700 የጽድ ደን አንሠራራ፤ ከዚያም እንደ ገና ተመነጠረ። ይህን ስንል መጥረቢያ ያነሣ ሁሉ ነጻ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ደን እንደሚጠፋ ሁሉ ተመልሶ እንደሚበቅልም ይታወቅ ማለታችን ነው።

የቆቦ ተማሪ ምድርህ ገነት ነበረች፣ አያቶችህ አጠፏት ተብሎ ቢማር ከትምህርቱ የሚተርፈው ወቀሳ ብቻ ነው። ምድር ስትለዋወጥ ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደ ለወጡ ቢማር ግን ድርቅ ወይም ጎርፍ በመጣ ጊዜ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ያውቃል። ስለዚህ የመጻሕፍት አዘጋጆች ከድንቅነሽ እስከ አክሱም ላለው ዘመን ሙሉ ምዕራፍ እንዲሰጡት እንለምናለን። መምህራንም መጽሐፉ እስኪታረም ሳይጠብቁ ተማሪዎቻቸውን በበጋ ወደ ጎሊና ዳር ይዘው ቢወርዱ፣ ጎርፍ የቆረጠው ገደል ላይ የተነባበረው ደለል የምዕራፉን መጀመሪያ ያነብላቸዋል።